የታሸገው ጆንያና የጨርቅ ነጋዴው

በደርግ ዘመን ከሚሴ ውስጥ ስለ ድንገተኛ ሕመም መድኃኒት ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። የጤና ጣቢያውን ወለል እየጠረግሁ፣ ከመድኃኒት ካርቶን የሚወድቀውን ወረቀት ሁሉ እየሰበሰብኩ፣ እንግሊዝኛውን ቁስል የሚያክመውን ድሬሰር እየጠየቅሁ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ቀበሌውም ችሎታዬን አይቶ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑን ለእኔ ሰጠኝ። አዮዲን፣ አስፕሪን፣ ፋሻና መቀስ ነበረበት።

አንድ ቀን ለቀበሌው ሱቅ ስኳር መጣ። ስኳር ከከተማው ከጠፋ ሰንብቶ ስለነበር ሕዝቡ ገና ከሱብሂ ሶላት ጀምሮ ተሰለፈ። ጆንያው ግን አፉ በገመድ ታስሮ፣ በሰም ታሽጎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ደንቡ ሦስቱ የሱቅ ኮሚቴ አባላት በአንድነት ካልቆሙ የጆንያው አፍ አይከፈትም ይላል። ሁለቱ፣ ሊቀመንበሩና ጸሐፊው፣ ነበሩ። ሦስተኛው በሬ ሊገዛ ጨፋ ሮቢት ገበያ ወርዷል።

ፀሐይዋ ስትበረታ ሰልፉ መሐል የነበረ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ወደቀ። ደሴ ሆስፒታል እየተመላለሰ የሚታከም የስኳር በሽተኛ ነው። ላቡ በሸሚዙ አልፎ ይንጠባጠባል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ የሌለ ጨርቅ በክንዱ እየለካ ለሌለ ሰው ይሸጣል።

አንዲት አሮጊት በኦሮምኛ «ጂኒቱ ቀቤ!» ብለው ጮኹ። ጂኒ ይዞታል ማለታቸው ነው።

እኔ ሳጥኔን ይዤ ደረስኩና አንድ ጊዜ አይቼ ገባኝ። «ጠዋት መርፌህን ተወግተህ ቁርስ ሳትበላ ነው የመጣኸው?» አልኩት። «ክንዱን በስምንት ብር» አለኝ። ይህ በቂ መልስ ነበር።

«ስኳር አምጡ!» አልኩ።

ሰልፉ በአንድ አፍ ሳቀ። «ለስኳር በሽተኛ ስኳር? ጨርሱት በለና!» አለ አንዱ። ሌላው «መጥረጊያህን ይዘህ ሂድ፣ ዶክተር!» አለኝ።

በዚህ መሐል ሚስቱ እየሮጠች መጣች። በእርጥብ አሸዋ ውስጥ የምታቀዘቅዘውን የኢንሱሊን ብልቃጥና መርፌውን ይዛለች። «መድኃኒቱ ይኸው ወንድሜ፣ በነብዩ ይዤሃለሁ፣ ቶሎ ውጋልኝ!»

«ውጋው!» አለ ሰልፉ። «ምን ትጠብቃለህ?»

«እህቴ፣ አብሽሪ፤ ይህን ከወጋሁት ግን ዛሬውኑ ትቀብሪዋለሽ» አልኳት። መርፌው ደሙ ውስጥ ያለውን ስኳር እንደጨረሰበት፣ አሁን የሚያድነው ያው ሐኪሞች የከለከሉት ስኳር ብቻ እንደሆነ ነገርኳት። ብልቃጡን ከእጇ ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት። እሷ እያለቀሰች ኪሴን ትጎትታለች፤ ባሏ ዓይኑ ወደ ላይ መገልበጥ ጀምሯል።

ወደ ሊቀመንበሩ ዞርኩ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ እፍኝ ስኳር።»

«አፉ ሲከፈት።»

«መቼ ነው የሚከፈተው?»

«ጓዳችን በሬውን ገዝቶ ሲመለስ። ምናልባት አስር ላይ።»

«ሰውዬው እስከ አስር አይቆይም!»

«የሕዝብ ንብረት ማኅተም መስበር ደግሞ አሻጥር ነው» አለኝ። በዚያ ዘመን ይህ ቃል ምን እንደሚያመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ጸሐፊው አንድ እርምጃ ከእኔ ራቅ ብሎ ቆመ።

እኔ ግን የተጻፈ ነገር በጥንቃቄ የማነብ ሰው ነኝ። ደንቡ የሚለው ስለ አፉ ነው። ከሳጥኔ መቀሱን አወጣሁ፣ ጆንያውን በጎኑ አጋደምኩና ከታች ጥጉን ቀደድኩት።

«ምን አደረግህ!»

«አፉን አልነካሁም፣ ጓድ። የከፈትኩት ቂጡን ነው።»

ሊቀመንበሩ አፉን ከፍቶ ቀረ። ስኳሩ መፍሰስ ሲጀምር ግን ዘሎ ቀዳዳውን በሁለት እጁ ጨመደደው። እኔ አንድ እፍኝ ይዣለሁ። ሰውዬውን በጎኑ አስተኝቼ፣ እንዳያንቀው ትንሽ ትንሽ እያልኩ በጣቴ ጉንጩና ድዱ ላይ አሸሁለት። ውሃ እንዳታጠጡት ብዬ ሦስት ሰው ገፍትሬያለሁ። ሚስቱ ዱዓ ታደርጋለች፣ ሰልፉ ሁሉ «አሚን» ይላል፤ ከሁሉ ጮክ ብሎ አሚን የሚለው ቀዳዳውን የያዘው ሊቀመንበር ነበር። ሰውዬው ቢሞት እሱም እንደሚጠየቅ ገብቶታል።

ጥቂት ቆይቶ ነጋዴው ከንፈሩን ላሰ። እንደገና ላሰ። መዋጥ ሲችል የቀረውን በውሃ በጥብጬ አጠጣሁት። ተነስቶ ተቀመጠና ዙሪያውን አየ።

«ተራዬ አለፈ እንዴ?» አለ።

«አንተማ በላህ!» አለው ከኋላው የነበረው ሰው።

ሊቀመንበሩ እስከ አስር ሰዓት ቀዳዳውን ይዞ ተቀመጠ፤ የሶላት ሰዓት ሲደርስ ጸሐፊው ተካው። ሦስተኛው አባል በሬውን እየነዳ ደረሰና ጎንበስ ብሎ ሰሙን መረመረ። «ማኅተሙ አልተነካም፣ ጎበዞች ናችሁ» አለና ፈረመ። ስለ ቀዳዳው ማንም አልጠየቀኝም፤ በደንቡ ስለሌለ።

ዝናዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ቦርከና ማዶ ተሰማ። በሚቀጥለው የስኳር ቀን ሰልፉ ላይ አራት ሰዎች ወድቀው ስሜን ጠሩ። አንደኛው ከመውደቁ በፊት ጋቢውን አንጥፎ ነበር።