የሐይቁ ራጅ

መሣሪያው የመጣው በጥቁር የፕላስቲክ ሻንጣ ነበር። ሶዶ፣ ግብርና ቢሮአችን ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ስንከፍተው መዳፍ የሚያህል ስክሪን፣ የሞተር ሳይክሉን የሚመስል ከባድ ባትሪ፣ በረጅም ገመድ ጫፍ ላይ ደግሞ እንቁላል የሚያክል ጥቁር ነገር አገኘን። እንቁላሉ ከጀልባ ጎን ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁ ዓሣ ወይም የሐይቁን ወለል ነክቶ ሲመለስ ስክሪኑ ላይ ሥዕል ይሆናል። በቢሮው "የዓሣ ባለሙያ" የምባለው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ማንም አልተሻማኝም። መመሪያውን ሁለት ቀን ሙሉ አነበብኩት።

ዘመኑ የአንድ ለአምስት ዘመን ነው። ገበሬውም፣ አስተማሪውም፣ ዓሣ አስጋሪውም ተደራጅቶ፣ ከመካከሉ ሞዴል ይመረጥና የሞዴሉ ሥራ "ምርጥ ተሞክሮ" ተብሎ ሪፖርት ይጻፍበታል። የእኔ ክፍል ለዓመታት ምርጥ ተሞክሮ አልነበረውም። ስብሰባ ላይ የዓሣ ተራ ሲደርስ ሰዉ ሻይ ሊጠጣ ይወጣ ነበር። ያን ሻንጣ ይዤ ወደ ዓባያ ሐይቅ ስወርድ፣ እውነቱን ልናገር፣ የማስበው ስለ ዓሣ አስጋሪዎቹ ሳይሆን ስለዚያ ስብሰባ ነበር።

ሐይቁ ዳር ከተደራጁት መካከል ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። የዲምቱ ሰዎች ናቸው። የአባታቸው መሬት ለሁለት ትዳር አልበቃ ሲል ወደ ሐይቁ ወርደው፣ የጣውላ ጀልባ ሠርተው ነው ኑሮ የጀመሩት። ታላቅየው ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥብ፣ ሳይጸልይ መቅዘፊያ የማይነካ ሰው ነው። ታናሽየው ሌላ ፍጥረት ነበር፤ ገና ሳታየው ሳቁ ቀድሞት ይመጣል። ከበዴሳ ሚስት ካመጣ ዓመት አልሞላውም።

በመጀመሪያው ቀን ሰዉን ሰብስቤ መሣሪያውን አሳየሁ። የምንነጋገረው በወላይትኛ ነው፤ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ስለሆነ ማሳመር ስፈልግ ያምርልኛል። "ይህ ዕቃ ከውሃ በታች ያለውን ሁሉ ያያል" አልኳቸው። መመሪያው እንዲህ አይልም።

"አውቀዋለሁ!" አለ ታናሽየው። "ወድቄ ጎኔን የተመታሁ ጊዜ ሆስፒታል አስተኝተው ያነሱኝ በዚህ ነው። ራጅ ነው!"

ሰዉ ሳቀ። መሣሪያውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ራጅ ሆኖ ቀረ።

የዓባያ ውሃ ሸክላ የታጠበበት ይመስላል፤ እጅህን እስከ አንጓህ ብትነክር ጣቶችህን አታያቸውም። ስለዚህ ሰዎቹ መረብ የሚጥሉት በግምት ነው፤ ያውም ከዳር ብዙ ሳይርቁ። ዳሩ ላይ ደግሞ ዓሣው ሳስቶ ነበር። ከወንድማማቾቹ ጋር ስወጣ ራጁም ይህንኑ አሳየን፤ ዳር ዳሩን ስክሪኑ ባዶ ነው። ወደ መሃል ስንዘልቅ ግን ትንንሽ የዓሣ ምልክቶች በላይ በላዩ ይመጡ ጀመር። ታናሽየው በደስታ ጮኸ። ታላቅየው መቅዘፉን አቆመ።

"እዚህ አንጥልም" አለ። "ነፋሱን አታውቀውም። አባቶቻችን መሃሉን ትተውለት ነው የኖሩት።"

"ነፋሱ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ አይደል?" አልኩት። "ጠዋት ገብታችሁ ከምሳ በፊት ብትወጡ ምን ትሆናላችሁ?"

"ይኸው! ባለሙያው ነው የሚለው" አለ ታናሽየው።

ታላቅየው ስክሪኑን ሳይሆን እኔን አየኝ። ዋና እንደማልችል ያውቃል፤ ጀልባው ላይ ስወጣ ጎኑን በሁለት እጄ ጨምድጄ ስይዝ አይቶኛል። "ባለሙያ ካለ እሺ" አለና መቅዘፊያውን አነሳ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለሪፖርት የሚመች ነበር። መረባቸው እየከበደ መጣ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ፎቶ ተነሳን፤ ታናሽየው ቁመቱ ክንድ የሚያልፍ አምባዛ ታቅፎ፣ እኔ ከጎኑ ስክሪኑን ይዤ። ሪፖርቱ ወደ ላይ ሄደ። በስብሰባው ላይ ለዓሣ ተጨበጨበ፤ ማንም ሻይ ሊጠጣ አልወጣም። በሪፖርቱ የመጨረሻ ገጽ፣ ከታች፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት ቢገዛላቸው መልካም ነው የሚል አንድ መስመር ጽፌ ነበር። "ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ይያዝ" ተባለ። ደግሜ አልጠየቅሁም።

ነፋሱ አንድ ሐሙስ ቀን ከልማዱ ቀድሞ፣ ገና ረፋድ ላይ ተነሳ። መሣሪያው በዚያ ሳምንት ባትሪው እንዲታይ ሶዶ፣ እኔ ዘንድ ነበር። እነሱ ግን ቦታውን በቃላቸው አጥንተውታል፤ ራጅ አያስፈልጋቸውም። መረቡን እየሳቡ ሳለ ማዕበሉ ጀልባዋን ከጎን መትቶ ገለበጣት። ታላቅየው የተገለበጠችውን ጀልባ ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ቀረ። ታናሽየው እግሩ መረቡ ውስጥ ነበር። ወንድሙ ስሙን ሲጠራ ሁለት ጊዜ መለሰለት፤ በሦስተኛው አልመለሰም።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው። በዚያ ቀን ታላቅየው፣ ሌሎች አስጋሪዎች ወደ ዳር ካወጡት በኋላ ስልክ ሲደውልልኝ ድምፁ ደርቆ፣ "ወንድሜ ውሃ ውስጥ ነው። ራጁን ይዘህ ና" ብቻ ነው ያለኝ።

በስልክ እውነቱን ልነግረው እችል ነበር። ይህ ዕቃ ሰው ፍለጋ አልተሠራም፤ ጭቃ ላይ የተኛን ሰው ከጭቃው አይለየውም፤ በከንቱ ተስፋ አታድርጉ ማለት እችል ነበር። "መጣሁ" አልኩ። ሚኒባስ ያዝኩ፤ መንገዱ ሲያልቅ በሞተር ሄድኩ፤ ሻንጣውን ጭኔ ላይ አድርጌ።

ስደርስ ዳሩ በሰው ተሞልቷል። የታናሽየው ሚስት ከሰዉ ተነጥላ እግሯ ውሃውን እስኪነካ ድረስ ቀርባ ቆማለች። አላለቀሰችም። ሻንጣውን ስታይ መንገድ ለቀቀችልኝ።

"ታየዋለህ አይደል?" አለችኝ።

"እሞክራለሁ።"

ቦይና የምንለውን ጎደሬ ቀቅላ፣ በቅጠል ጠቅልላ ለእኔና ለታላቅየው ሰጠችን። ጀልባ ላይ ስንፈታው ጥቅሉ ሦስት ነው። ታላቅየው ሦስተኛውን አንስቶ አየና መልሶ በቅጠሉ ሸፈነው። እኛም የራሳችንን አልቀመስንም።

እሱ ይቀዝፋል፤ እኔ እንቁላሉን እንጨት ላይ አስሬ ውሃ ውስጥ ይዤ ስክሪኑን አያለሁ። የሐይቁ ወለል ወፍራም ጥቁር መስመር ሆኖ ያልፋል። በላዩ ደግሞ ዓሣ ነው። ያን ቀን እንዳየሁት ዓሣ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ ስክሪኑን ሞሉት።

"ምንድን ናቸው?" አለ ታላቅየው አንገቱን ዘርግቶ።

"ዓሣ ናቸው።"

"አጥፋቸው።"

የዓሣውን ምልክት የሚያጠፋ ቁልፍ አለ። አጠፋሁት። ከዚያ በኋላ ወለሉ ብቻ ቀረ፤ ረጅም፣ ባዶ፣ ማለቂያ የሌለው ወለል።

በሁለተኛው ቀን ወለሉ ላይ ጋደም ያለ ነገር ታየ። ሜንጦ አስረን ገመድ ለቀቅን። ገመዱ ሲከብድ ታላቅየው ሲስብ ማልቀስ ጀመረ፤ እየሳበ ያለቅሳል፣ እያለቀሰ የወንድሙን ስም ይጠራል። የወጣው አሮጌ መረብ የተጠመጠመበት የጠቆረ ግንድ ነበር። ታላቅየው ግንዱን እንደ ሰው አቅፎ ጥቂት ቆየ። ቀስ ብሎም መልሶ ውሃው ውስጥ አስገባው።

ስለ ሦስተኛው ቀን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ረፋድ ላይ ነው፤ ነፋሱ መነሳት ጀምሯል፤ ጀልባዋም ትወዛወዛለች። እሱ አጎንብሶ ይቀዝፋል። ስክሪኑ ላይ እንደ ትናንቱ ያለ ምልክት መጣ፤ የትናንቱን ያህል የማይረዝም፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ያለ። ጥልቀቱን አነበብኩ፤ አሥራ አንድ ሜትር። ማዕበሉ ጀልባዋን አንድ ጊዜ መታትና ውሃ ጉልበቴ ላይ ተረጨ። ሜንጦውን ለመጣል ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እዚያው መቆም አለብን።

"ምን አለ?" አለኝ፤ ፊቴን አይቶ መሆን አለበት።

"ግንድ ነው" አልኩት።

"ደህና አየኸው?"

"ግንድ ነው፤ እንውጣ። ነፋሱ እየባሰ ነው።"

አመነኝ። ጀልባዋን ወደ ዳር መለሳት።

በማግስቱ እዚያው ቦታ እንድንሄድ ለመንኩት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም፤ "ያን በኩል በደንብ አላየነውም" ብቻ አልኩ። ግን ሐይቅ ላይ ምልክት የሚሆን ዛፍ የለም፤ ድንጋይ የለም። የእኛ መሣሪያ ደግሞ ያየውን ቦታ አይመዘግብም። ባትሪው እስኪያልቅ እዚያና እዚህ ዞርን። አሥራ አንድ ሜትር ብዙ ቦታ ላይ አገኘሁ። ምልክቱን አላገኘሁትም። ሐይቁ ውስጥ አዞ እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ሁለታችንም አላነሳነውም።

በአምስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ "ይብቃ" አሉ። ዲምቱ ላይ አስከሬን የሌለው ለቅሶ ተቀመጥን። የሰርጉን ኮት አልጋ ላይ ዘርግተው ሰዉ በዚያ ላይ አለቀሰ። የቤተ ክርስቲያናቸው መጋቢ ጸልየው እንደጨረሱ ሚስቱ ከሴቶቹ መካከል ተነስታ ፊቴ ቆመች።

"አይተኸዋል" አለችኝ። "አይተህ ነው የደበቅኸኝ። ከውሃ በታች ያለውን ሁሉ ያያል ብለህ አልነበር? እንዴት ሆኖ እንደተኛ ብቻ ንገረኝ። ሌላ አልፈልግም።"

"ግንድ ብቻ ነው ያየሁት" አልኩ።

"እህቴ፣ ተዪው" አለ ታላቅየው። "ስንት ቀን ሙሉ ከእኔ ጋር ውሃ ላይ ነበር። ዋና የማይችል ሰው ነው። ከእሱ በላይ ማን ፈለገልን?" መጥቶ እጄን ያዘ። ሰዎች ሁሉ በምስጋና ዓይን አዩኝ። በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቢሮ ስመለስ አለቃዬ አዘነ፤ ከልቡም አዘነ። ነገር ግን ተሞክሮው ቀድሞ ወደ ክልል ተልኮ ስለነበር "አሁን እንዴት ብለን እንመልሰዋለን?" አለኝ። አልመለስነውም። አደጋው "የተፈጥሮ አደጋ" ተብሎ በአንድ አንቀጽ ተጻፈ፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። መሣሪያውን ለሌላ ማኅበር እንዳስረክብ ታዘዝኩ። አስረከብኩ። እንዴት እንደሚሠራ አሳየኋቸው፤ ከመሃል ራቁ፣ ነፋስ አለ አልኳቸው። አንዱ ሳቀና "ታዲያ ዓሣው ያለው የት ነው?" ብሎ ስክሪኑን አሳየኝ።

ታላቅየው ጀልባዋን ፈልጦ ጣውላውን ለቤት በር አደረገው ይባላል። ወደ ሐይቁ አልተመለሰም። እኔም ከዓሣ ክፍል እንዲያዛውሩኝ አመለከትኩ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ወደ መኖ ልማት ተዛወርኩ።

ከዚያ በኋላ ሚስቱን ያገኘኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በዴሳ፣ በከብት ገበያ ቀን። በቆሎ ልትሸጥ ወጥታ ነበር። ልሸሻት አስቤ ነበር፤ እሷ ግን ቀድማ አየችኝ፤ እንደ ወጉ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ፤ የቤተሰቤን ደኅንነት ጠየቀችኝ። ቁጣው ከፊቷ ላይ ጠፍቶ ነበር። ቁጣው ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለች። "እዚያ፣ የፈለጋችሁበት፣ ጥልቀቱ ስንት ነው?"

"አሥራ አንድ ሜትር።"

ሜትሩን አላወቀችውም። ዙሪያዬን አየሁና ከገበያው ጫፍ የቆመውን ባሕር ዛፍ አሳየኋት። "ከዚያ አይበልጥም" አልኳት።

ዛፉን ከሥሩ እስከ ጫፉ ቀና ብላ አየችው፤ ዓይኗን ወረድ አድርጋም እንደገና አየችው።

"ቅርብ ነው እኮ" አለች።

በቆሎዋን ተሸከመችና ወደ ሸማቾቹ ሄደች። እኔም የመጣሁበት የመኖ ጉዳይ ነበረኝ፤ ወደዚያው ሄድኩ።