የእማማ አሚኔ ቃጫ

ደበሌን ሠርግ የጠራ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ደበሌ እጁን ከመታጠቡ በፊት ድንኳኑን አንድ ጊዜ ይዞራል። መውጫው አንድ ብቻ ከሆነ በጓሮ በኩል ያለውን ሸራ ራሱ ፈትቶ ሁለተኛ በር ያበጃል፤ አርፎ የሚበላው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲበላ ደግሞ አይጣል ነው። ቡታጅራ ውስጥ «ቢነድስ» የሚል ቅጽል የወጣለት በዚህ ጠባዩ ነው። ሲጠሩት አይቀየምም። «እኮ፣ ቢነድስ?» ብሎ መልሶ ያፋጥጣቸዋል።

ሥራውም ይኸው ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱ የግንባታ ተቆጣጣሪ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ መጋዝ ተሸክሞ ከአገና ሲመጣ ከተማው ውስጥ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። የሰበሰቡት እማማ አሚኔ ናቸው። ልጃቸው ሀቢቡ እኩያው ነበርና ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንድ ገበታ ጎመንና ቆጮ አበሏቸው። እሱ ክርስቲያን፣ እነሱ ሙስሊም፤ የሥጋ ቀን ሲሆን ለእሱ አይብ ለብቻው ይቀመጥለት ነበር። ማታ ማታ ተምሮ ዲፕሎማ ሲይዝም እልል ያሉት እሳቸው ናቸው።

ሀቢቡ በበኩሉ አዲስ አበባ ነግዶ ቀናውና ቡታጅራ ዋናው መንገድ ዳር ባለ አራት ፎቅ ቤት ሠራ። ምድሩ ሱቅ ነው፣ ከላይ ያለው መኖሪያ። አሥራ ሁለት ቤተሰብ ተከራይቶበታል፤ እናቱንና አምስት ልጆቹን ደግሞ ከራሱ ጋር ላይኛው ፎቅ ላይ አኖራቸው። ያን ጊዜ ፎቅ ማልበስ ፋሽን ነበር። መንግሥት ልማት ልማት ሲል፣ ገንዘብ ያለው ሁሉ ብሎኬቱ እንዳይታይ በሚያብረቀርቅ ክላዲንግ ይሸፍናል። የሀቢቡም ፎቅ ብርማ ለብሶ ከሩቅ ያበራ ጀመር፤ ደበሌ ግን አላመነውም። ክላዲንግ ሲያዩት ብረት ይምሰል እንጂ፣ በሁለት የቆጮ ቁራሽ መሀል እንደገባ አይብ፣ በሁለት ስስ አሉሚኒየም መሀል ጥቁር ፕላስቲክ አለው።

በ2006፣ የመስቀል ክትፎ ገና ከሆዱ ሳይወርድ፣ ከዞኑ መሥሪያ ቤት፣ ከወልቂጤ፣ ደብዳቤ መጣ። ክላዲንግ የለበሱ መኖሪያ ቤቶች ሁሉ ከእሳት አደጋ አንጻር ይገምገሙ ይላል። አራት ገጽ ፎርም ተያይዟል። አለቃው፣ ፎርም ነው፣ ሙላውና ላከው አለው። ሌላ ሰው ቢሆን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ይሞላው ነበር። ደበሌ መሰላልና መፍቻ ይዞ ወደ ሀቢቡ ፎቅ ሄደ።

ክላዲንጉን በጣቱ አንጓ ሲያንኳኳው ድምፁ ግራ ገባው። ከኋላው ክፍት ስለሆነ እንደ ባዶ በርሜል መጮኽ ነበረበት፤ ይሄ ድፍን ያለ ነው። አንዱን ፈትቶ ሲያነሳው በግድግዳውና በክላዲንጉ መሀል ያለው ክፍተት እስከ ላይ ድረስ በደረቀ የእንሰት ቃጫ ተጠቅጥቋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክላዲንጉ ሲገጠም ነፋስ በገባበት ቁጥር እየተንቋቋ እማማ አሚኔን እንቅልፍ ነሳቸው። ዕድሜ ልካቸውን እንሰት ሲፍቁ የኖሩ ሴት ናቸው፤ የነፋስ መግቢያ በምን እንደሚደፈን ማን ያስተምራቸዋል? ሠራተኞቹን ቃጫ ጠቅጥቁበት አሏቸው። ወሬው መስቃን ገጠር ሲደርስ የዘመድ ሴቶች ሁሉ «ለአሚኔ ቤት» እያሉ በሸክም በሸክም ላኩ። ጩኸቱ ቆመ፤ ተከራዩም መረቃቸው። ያ ሁሉ ፍቅር አራት ፎቅ ሙሉ ግድግዳው ላይ ቆሞ ክብሪት ይጠብቃል።

ደበሌ መወጣጫውን ቆጠረ። ሰባ ሁለት ደረጃ ነው፤ ሌላ መውረጃ የለም። ልጅ ሆኖ አገና የጎረቤት ጎጆ ሲነድ አይቷል፤ በሩ አንድ እርምጃ ስለነበር ሁሉም በደህና ወጣ። እዚህ ግን አንድ እርምጃ የለም። አረፋ ደግሞ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ለአረፋ አዲስ አበባ ያለው ዘመድ በሙሉ ይገባል፤ በየክፍሉ ፍራሽ ይነጠፋል፣ በየበረንዳው ከሰል ይያያዛል። ሪፖርት ጽፎ ወልቂጤ ቢልክ ውሳኔው የሚመለሰው በሁለት ወሩ ነው። የቀረው ሀቢቡ በገዛ ፈቃዱ እንዲያወልቀው ማድረግ ነበር።

ሀቢቡ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ተቆጣ። እንግዳ ሊመጣ ቤቴን ራቁቱን አላቆምም፣ ከአረፋ በኋላ እናየዋለን አለ። ደበሌ አልለቅ ሲለው ግን የልቡን አወጣው።

«ቃጫው የእናቴ ነው። የምታስፈጀን አንቺ ነሽ ብዬ እኔ አልነግራትም። አንጀት ካለህ ውጣና አንተ ንገራት።»

ደበሌ ወጣ። ሁለት ቀን ወጣ፤ ሁለቱንም ቀን ጉልበትዎ እንዴት ነው ብሎ፣ ሻዩን ጠጥቶ ተመለሰ። በእጃቸው የበላ ሰው ምን አፍ አለው! በሦስተኛው ቀን እማማ አሚኔ ራሳቸው ሰለቻቸው።

«አንተ ልጅ፣ የመጣህበትን ሳትናገር ስትመላለስ ሰነበትክ። ምንድን ነው፣ ሰው ሞቶብኝ ነው?»

«አልሞተም፣ እማማ። እንዳይሞት ብዬ ነው» አለና ሁሉንም ነገራቸው።

እማማ አሚኔ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። ደበሌ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። በመጨረሻ፣ በዓይኔ ሳላይ አላምንም፣ ግቢ ውስጥ አንድደህ አሳየኝ አሉት።

ደበሌ ከቤቱ ራቅ ብሎ ግቢው ጥግ ላይ በሰው ቁመት ብሎኬት ደረደረ። ትርፍ ክላዲንግ አቆመበት፣ መሀሉን በዚያው ቃጫ ሞላው፣ አሸዋና ውሃ አጠገቡ አስቀመጠ። ከዚያ እማማ አሚኔን አስጠራቸው። ሲወርዱ ሰዓቱን ያዘ። በምርኩዝ፣ በየወለሉ እያረፉ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀባቸው። ሀቢቡ እጁን አጣጥፎ ቆሟል፤ ልጆቹም ተሰብስበዋል። ደበሌ ከታች ክብሪት ጫረ።

እሳቱ ወደ ጎን አላለም፤ በክፍተቱ ውስጥ ሽቅብ ተፈተለከ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አናቱ ላይ ወጣ። ፕላስቲኩ እየቀለጠ ይንጠባጠብ ጀመር፤ ጥቁሩ ጭስ ሁሉንም አስሳላቸው። ደበሌ በአሸዋና በውሃ አጠፋው። እማማ አሚኔ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ሀቢቡ፣ ልጆችህ አምስት ናቸው። እኔ እግር የለኝም። ያን ቀን ማንን ትተህ ማንን ይዘህ ትወርዳለህ?»

ሀቢቡ ብሎኬት ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ለደበሌ ሠላሳ ዓመት ያወቀው ወዳጁ ነው። ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ።

በማግስቱ ጠዋት ሀቢቡ ራሱ መፍቻ ይዞ መሰላል ላይ ወጣ። ተከራዮቹ ረዱት፤ ቃጫው በጋሪ ተግዞ ወጣ። በአራት ቀን ፎቁ ግራጫ ብሎኬቱን አሳይቶ ቆመ፤ ክላዲንጉን ይዘው የነበሩት ብረቶች እዚህም እዚያም ገጥጠዋል። እውነቱን ለመናገር አስቀያሚ ነበር። ቀድመው የደረሱት የአዲስ አበባ ዘመዶች ምነው ሀቢቡ፣ ከሰርክ ወይ እያሉ አሾፉበት። እናቴ ናት ያስወለቀችኝ ሲላቸው ሹፈቱን ተዉት።

ደበሌ የአረፋ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ፎርሙን ሊዘጋ መጣ። ሀቢቡ በሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቀው አገኘው። ክላዲንጉ ቢወልቅም የእናቱ ጥያቄ ከጆሮው አልወጣ እንዳለው ነገረውና፣ ሰዓትህን ያዝልኝ ብሎ ደረጃውን ሮጦ ወጣ።

ጥቂት ቆይቶ ከላይ ኮቴ ተሰማ። ልጆቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ከፊት ይወርዳሉ፤ ትልቋ ናጃህ ትንሹን ወንድሟን ታቅፋለች። ከኋላቸው ሀቢቡ እናቱን አዝሏል። እማማ አሚኔ ጀርባው ላይ ሆነው ቀስ በል፣ ጣልከኝ እያሉ ይቆጡታል። የመጨረሻውን ደረጃ ሲረግጥ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ስንት ሆነ ብሎ ጠየቀ።

ደበሌ ሳይለካ አንድም ነገር አሳልፎ የማያውቅ ሰው ነው። አሁን ግን ዓይኑ በእንባ ሞልቶ ሰዓቱን ማየት ረስቶት ነበር። አፍሮ፣ አላየሁትም አለ።

«እንግዲያው ይድገመው» አሉ እማማ አሚኔ፣ ከልጃቸው ጀርባ ሳይወርዱ። «እኔ እሱን ስንት ዓመት አዝዬዋለሁ።»