አንድ ስህተት፣ ሦስት ባለቤት

መርካቶ ያደገ ሰው ከላይ የተደረደረውን ዕቃ አያምንም። እናቴ ሸማ ተራ ነጠላ ስትመርጥ ጥለቱን ከፊት አይታ አታውቅም፤ ገልብጣ ጀርባውን ነው የምትመረምረው። እኔም ሰው ስቀጥር እንደዚያው ነኝ። ሳቂታ ሲመጣ ምን ደብቆ ነው እላለሁ። ኮስታራ ሲመጣም ምን ደብቆ ነው እላለሁ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እኛ ቤት ተረት ሳይሆን መተዳደሪያ ደንብ ነበር።

የቢሮ ኃላፊ ሆኜ የምሠራው ለጅምላ ነጋዴዎች የመጋዘን ሶፍትዌር በሚሠራ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው። ቢሯችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ከቆመ ቆይቷል። ባለቤቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ጋሼ ሰው ሲቀጥሩ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «የማን ልጅ ነው?» በዚህ ጥያቄ የገባ አንድ የዘመድ ልጅ የደንበኛ ፕሮግራም አበላሸና ጥፋቱን አጠገቡ በተቀመጠው ልጅ ላይ አላከከ። እውነቱ ሲወጣ ሁለቱም ሄደው ነበር፤ አንዱ ተባሮ፣ አንዱ አፍሮ።

ያን ጊዜ ጋሼ ዘንድ ገባሁና፣ «ከአሁን በኋላ ቅጥሩን ለእኔ ይተዉልኝ፤ ጥፋቱን የማይክድ አንድ ፕሮግራመር አመጣልዎታለሁ» አልኳቸው።

ጋሼ ሳቁ። «ካገኘሽ ለእኔም አንድ ጨምሪልኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ ካላገኘሽ ግን የእህቴ ልጅ ተመርቆ ቁጭ ብሏል።»

የእህታቸውን ልጅ አውቀዋለሁ። ኮምፒውተር ማጥፋት እንጂ ማብራት የሚወድ ልጅ አይደለም። ስለዚህ ነገሩን እንደ ጦርነት ያዝኩት።

ዘዴዬ ቀላል ነው። ኮድ መጻፍማ ዛሬ ማንም ይጽፋል። እኔ የምጠይቀው ያለፈውን ነው፤ «ቢያጋጥምህ ምን ታደርጋለህ?» ሳይሆን «ሲያጋጥምህ ምን አደረግህ?» ነው። «ቢያጋጥመኝ» የሚል ሁሉ ጻድቅ ነውና። የሆነውን የሚያወራ ሰው ግን ዝርዝር ሲጠየቅ ይያዛል። ማን አጠገብህ ነበር? ቀኑ ምን ነበር? መጀመሪያ ለማን ነገርክ? እያልኩ ክሩን እስኪበጠስ እስበዋለሁ። ጋሼ ደግሞ በዘር በሰፈር እንዳይገቡብኝ፣ የአመልካቾቹን ስም፣ የትውልድ ቦታና የሠሩበትን ድርጅት ምክትሌ ከሲቪው ላይ በጥቁር ቀለም እንዲሸፍን አደረግኩ። ስድስት ዓመት አብሮኝ የሠራ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። «የሸፈንከውን ለማንም፣ ለእኔም ቢሆን እንዳትነግር» አልኩት። አመልካቾቹንም የድርጅት ስም እንዳይጠሩ አስጠነቀቅን። በዚህ ብልሃቴ በጣም ኮርቼ ነበር።

የመጀመሪያው አመልካች ደረጃውን ወጥቶ ሲገባ አልተነጫነጨም፤ በልቤ አንድ ነጥብ ሰጠሁት። «የሠራኸውን ትልቅ ስህተት ንገረኝ» አልኩት። ለአንድ የቤት ዕቃ አስመጪ ፕሮግራም ሲሠሩ፣ የሙከራው ዳታቤዝ መስሎት ዋናውን እንደሰረዘው ነገረኝ። ባክአፑ፣ መጠባበቂያ ቅጂው፣ ለሳምንታት ሳይሠራ ከርሟል፤ ማንም አላስተዋለም። መጋዘኑ ድረስ ሄዶ፣ አራት ቀን ሙሉ ከዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ ጋር ድስቱንም ቴርሞሱንም ከመደርደሪያው እያወረደ አንድ በአንድ ቆጥሮ እንደ አዲስ አስገባው። «መሰላሉ ሦስተኛ እርከኑ የለውም ነበር» አለኝ፤ «በመጀመሪያው ቀን ወድቄያለሁ።» መሰላሉን ወደድኩለት። ውሸታም ሰው መሰላል አይፈጥርም ብዬ ሰውዬውን ልቀጥረው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ አንዲት ልጅ መጣች። ረጋ ያለች፣ ስትናገር ዓይን ዓይኔን የምታይ። ጥያቄውን ጠየቅኳት። የሙከራው መስሏት ዋናውን ዳታቤዝ ሰረዘች። ባክአፕ አልነበረም። አራት ቀን ድስት ቆጠረች። «መሰላሉ ደግሞ አንድ እርከን ይጎድለዋል» ስትል እስክሪብቶዬ ከእጄ ወደቀ።

ደሜ ፈላ። ሥራውን ያወጣነው በቴሌግራም ነው፤ እዚያው ቴሌግራም ላይ የቃለ መጠይቅ መልስ የሚሸጡ እንዳሉ ሰምቻለሁ። መርካቶ የማይሸጥ ነገር የለም፤ ስህተትም ተገጣጥሞ፣ ከነመሰላሉ ይሸጣል ማለት ነው። ግን ጥያቄዬን ማን አወጣው? ጥያቄዎቹን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን። አንዷ እኔ ነኝ።

ምክትሌን በጎን አየሁት። ልጅቷ ከወጣች በኋላ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠግቶ፣ «ስለእነዚህ ልጆች አንድ ነገር ልንገርሽ…» ሲል ከአፉ ነጠቅኩት። «ከሲቪው ላይ ምንም እንዳትነግረኝ ብዬሃለሁ!» አልኩት። ዝም አለ። ዝምታውን ራሱ ጠረጠርኩት። የጥያቄ ወረቀቴን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት፤ ሲያልፍ ላፕቶፔን መክደን ጀመርኩ። ሦስተኛ ቀን ላይ ሻዩን እያማሰለ፣ ሳያየኝ፣ «ሌባ እናት ልጇን አታምንም» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ለሁለቱ አመልካቾች ደብዳቤውን ራሴ ጻፍኩ። «አልተመረጡም» ብቻ ብል ይበቃ ነበር። እኔ ግን እልህ ይዞኝ፣ «የነገሩን ታሪክ የራስዎ አለመሆኑን ስላረጋገጥን» የሚል ጨመርኩበት። ምክትሌም አንብቦ አንዴ አየኝና ላከው።

ሦስተኛው በመጣ ቀን ምክትሌን ከክፍሉ አስወጣሁት። አመልካቹ መነጽር ያደረገ ልጅ ነው፤ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በእግሩ መጥቶ ጫማው በጭቃ ተለውሷል። ወጥመድ አዘጋጅቼለታለሁ፤ ጥያቄውን ለወጥኩት። ስለ ስህተት አልጠየቅኩትም። «ይቅርታ ለመጠየቅ የከበደህን ቀን ንገረኝ» አልኩት።

ትንሽ አሰበና፣ «አንድ የመጋዘን ኃላፊ ነበረች» ብሎ ጀመረ።

እስከ መሰላሉ ድረስ ታገሥኩት። መሰላሉ ሲደርስ ጠረጴዛውን መታሁ። «ይሄን ታሪክ ከማን ገዛኸው?»

«ምን አሉኝ?»

«ከአንተ በፊት ሁለት ሰው እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነግሮኛል። አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። ድስቱም፣ ቴርሞሱም፣ መሰላሉም ሳይቀር!»

ይደነግጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። ልጁ ግን መነጽሩን አወለቀ። ከታች መኪና የሚያራግፉት «መንገድ! መንገድ!» ሲሉ ይሰማል። «ሁለቱም እኔ ነኝ አሉ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አዎ።»

«እስካሁን?» አለ። «እስካሁን እንደዚያ ይላሉ?»

አልገባኝም። ይበልጥ ተናደድኩ።

«ታዲያ ቀጠሯቸው?»

«በውሸት ሰው አልቀጥርም።»

ቦርሳውን አነሳ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ወንበሩን እንኳ ወደ ቦታው መለሰው። «እንግዲያው ለእኔም ያንኑ ይጻፉልኝ» ብሎኝ ወጣ።

ምክትሌ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ሦስቱም ከአንድ ድርጅት ነው የወጡት» አለኝ፤ «በአንድ ወር ውስጥ። ሲቪያቸው ላይ አለ። ልነግርሽ ስል አፌን ዘጋሽኝ፤ ቀጥለሽ ከክፍሉ አስወጣሽኝ።» ይህን ሲል አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ «እሺ» አለኝ፤ እሺው ግን ከአፉ ብቻ እንደወጣ ገብቶኛል።

የቀድሞ አለቃቸውን ስልክ ፈልጌ ደወልኩ። መጀመሪያ ተጠራጠረኝ፤ የእኔ ቢጤ ሰው ነው። በኋላ ግን ነገሩን ሁሉ አወጣው። ዳታቤዙ በጠፋ ቀን ሦስቱንም ቢሮው ጠርቶ «ማን ነው?» አላቸው። ሦስቱም «እኔ ነኝ» አሉ። ለየብቻ አስገብቶ ጠየቃቸው፤ አሁንም ሦስቱም «እኔ ነኝ» አሉ። አራቱን ቀን መጋዘን ሄደው የቆጠሩትም ሦስቱም አንድ ላይ ነው። «የቀለዱብኝ መሰለኝ» አለ፤ «ሦስቱንም አሰናበትኳቸው።» ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «እኔ የምልሽ፣ ለመሆኑ ለአንቺ ነገሩሽ? ማናቸው ነበሩ?» አለኝ።

ጋሼ ዘንድ ገብቼ ሁሉንም ተናዘዝኩ። የእህታቸውን ልጅ ያነሳሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ወደ ታች አመለከቱኝ። ጫኝና አውራጆቹ ከአይሱዙ ላይ ጥቅል ጨርቅ እያወረዱ ነው።

«እነዚህን አየሻቸው? ጣቃ ቢወድቅባቸውና ቢቀደድ፣ ማን ጣለው ብለሽ ብትጠይቂ ሁሉም እኔ ነኝ ነው የሚሉሽ። እኔ ጎረምሳ ሆኜ በጣም ያናድደኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። ማን እንደጣለው ቢናገሩ ያ ሰው ነገ ሥራ የለውም፤ ሌላውም ነገ ከባድ ዕቃ ሲመጣ እጁን አያስገባም። እኔ ሃምሳ ዓመት ጨርቄን ያወረድኩት ማን እንደጣለ በማይናገሩት ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «ሂጂ ጥሪያቸው። ሦስቱንም።»

«ያለን አንድ ቦታ ነው እኮ፣ ጋሼ።»

«ወንበር መርካቶ ጠፍቶ ያውቃል እንዴ?»

ቀድሜ ለመጀመሪያው አመልካች ደወልኩ። ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «እሷ ከመጣች እመጣለሁ» አለኝ። መነጽራሙም ቃል በቃል ያንኑ አለ። ሁሉም ነገር ልጅቷ ላይ ቀረ። ለእሷም ደወልኩላት።

«ውሸታም ብለው ጽፈውልኛል» አለችኝ። «እናቴ ናት ያነበበችው።»

ይቅርታ ጠየቅኳት። ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያ ዝቅ ብዬ ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም። ስለ ጋሼ ነገርኳት፣ ስለ ሦስቱ ወንበሮች ነገርኳት፣ ሁለቱ እሷን እየጠበቁ እንደሆነ ነገርኳት። ስለ ሁለቱ ስትሰማ ሳቀች፤ አጭር፣ የማትፈልገው ሳቅ። «እነሱ ደግሞ» አለች። ከዚያ ሰኞ ስንት ሰዓት ይገባል ብላ ጠየቀችኝ። ሁለት ተኩል አልኳት። «እሺ» አለች።

እዚያ ላይ ስልኩን መዝጋት ነበረብኝ። ደኅና ሁኚ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ግን አንድ ነገር አላስቀመጠኝም፤ ያልገለበጥኩት ነጠላ ቤቴ ሊገባ ነው። ሦስቱ አጠገቤ ሲቀመጡ በየቀኑ ማናቸው ነው እያልኩ ላያቸው ነው። ማወቅ ብቻ ነው የፈለግኩት፤ ማንንም ላልጎዳበት።

«አንድ ነገር ብቻ» አልኳት፤ «በእኔና በአንቺ መካከል ይቀራል። ማናችሁ ነበራችሁ?»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«እኔ ነኝ» አለችኝና ዘጋችው።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ጠረጴዛ አስጠርጌ፣ ኮምፒውተሮቹን አስበርቼ ጠበቅኳቸው። ደረጃውን የወጣ ሰው ሳይኖር አራት ሰዓት ሆነ፤ ምክትሌ ተነሳና ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ አጠፋቸው።