የተመለሰው ሙዳይ

ሙዳዩን ተቀብያት ቢሆን ኖሮ ባሏ ይተርፍ ነበር? ስንት ጊዜ አገላብጬዋለሁ።

ነርስነት የተማርኩት ዘግይቼ ነው፤ ልጆቼ ከሚሆኑ ልጆች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ደግሞ የተማረውን እንዳይሰበርበት እንደ ብርጭቆ ነው የሚይዘው። ከታካሚ ስጦታ አይወሰድም ተብያለሁ፤ አንዲት ብርቱካን እንኳ አልወስድም ነበር። ድሬዳዋ አብረውኝ የሚሠሩት «የአንቺስ ጽድቅ በዛ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ሰውየው የመጣው ከሐርላ ነው፤ የሳንባ ምች ክፉኛ ጥሎት። ሚስቱ ከአልጋው ሥር ምንጣፍ ዘርግታ፣ ወስፌና አለላ ይዛ ሙዳይ መስፋት ጀመረች። ትኩሳቱ ሲበርድለት ቀልዱም መጣ።

«አቦ ሲስተር፣ እያት እስቲ! እኔ ልሞት ነው ስል እሷ ስፌት ይዛለች።»

«ዝም በል አንተ» ትለዋለች ቀና ሳትል። «የሚሞት ሰው ይሄን ያህል ሾርባ አይጠጣም።»

እኔም መርፌውን በወጋሁት ቁጥር ስፌቱን ሰረቅ አድርጌ አያለሁ። ክዳኑ ላይ ስትደርስ እሱ ትራስ ተደግፎ መቀመጥ ችሎ ነበር። መድኃኒቱን ካላቋረጠ እንደሚድን አውቅ ነበር።

ጨርሳ በሁለት እጇ አቀረበችልኝ። «ያንቺ ነው ሲስተር።»

«አልቀበልም» አልኳትና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፍኩ።

ቆማ አየችኝ። ከዚያ ሙዳዩን በሻሿ ሸፈነችው። ያን ቀን እሱ ቢቀልድም አልመለሰችለትም።

በማግስቱ ስገባ አልጋው ባዶ ነው። አጠገቡ የተኙት ሽማግሌ ነገሩኝ፦

«በነሱ ዘንድ የባህል ሐኪም እጅ መንሻ የሚመልሰው ከማይድን ሰው ነው። ‹ሲስተርዋ ተስፋ ቆርጣበታለች፣ እንግዲህ ቤቱ ይሙት› ብላ ወሰደችው።»

ወደ ሐርላ የሚሄድ ሰው ፈልጌ «ይመለስ፣ ይድናል» ብዬ ላክሁባት። የመጣልኝ መልስ መርዶ ነበር።

ለማንም አልተናገርኩም። ደንብ አልጣስኩም፤ ምን ብዬ ልናገር?

ዘንድሮ እናቴ ታማ ሆስፒታል ተኛች። አንድ ቀን ለምትከታተላት ወጣት ነርስ አንድ ሊትር ዘይት በፌስታል ይዤላት ሄድኩ። ፌስታሉን በእጇ ገፋ አደረገችው።

«አይሆንም ማዘር፣ አንቀበልም።»

 ደንቡን ከእሷ በፊት የማውቀው እኔ፣ ዞሬ የእናቴን ፊት አየሁ። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጥኩና ለነርሷ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሙዳዩን፣ ሾርባውን፣ ባዶውን አልጋ።

 ስጨርስ ልጅቷ ፌስታሉን ካስቀመጥኩበት አንስታ ጭኔ ላይ መለሰችው።

«የማልወስደው ስለማይፈቀድልኝ ነው፣ ማዘር» አለችኝ ጎንበስ ብላ። «እናትሽ ይሻላታል። ሰማሽኝ? ይሻላታል።»