ፐርል የተኛችበት ቅዳሜ

የሃምሳ ስምንት ዓመቷ ቬልዳ ክራውስ ምድጃው መጥፋቱን ሦስት ጊዜ ሳታረጋግጥ ከቤት ወጥታ አታውቅም። በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሠራ በምግቧ የታመመ አንድም ልጅ የለም። እሷ ግን ቺሊ የሚሉትን የሚያቃጥል የሥጋና የባቄላ ወጥ ከቀረፋ ዳቦ ጋር በምታቀርብበት ሐሙስ ሁሉ፣ ልጆቹ ወደየቤታቸው እስኪሄዱ ፊታቸውን አንድ በአንድ ስታይ ትውላለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያለች የኖረች ሴት፣ ላም እበት በምትጥልበት ቦታ ላይ የከተማውን ሰው ታስቆምራለች ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ጦሱ የመጣው ከአሥራ አንድ ሴት ልጆች ነው። የከተማው ትንንሽ ወንዶች የኳስ ቡድን አላቸው፤ ማሊያም አውቶቡስም አላቸው። ለሴቶቹ የተረፈው የተመልካቹ ወንበር ነበር። በግንቦት ወር አንድ ስብሰባ ላይ ቬልዳ ድንገት ተነስታ «የደጋፊ ጭፈራ ቡድን እናቋቁምላቸው» አለች። ነገሩ ከአፏ እንዴት እንዳመለጠ ራሷም አታውቅም። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ከቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት እየሰበሰበቻቸው ሁለት መፈክርና አንድ ፒራሚድ ተለማመዱ። አንዷ በሌላዋ ትከሻ ላይ የምትወጣበት ይህ ፒራሚድ አብዛኛውን ጊዜ ይፈርሳል።

ዩኒፎርም የሌለው ቡድን ሜዳ አይገባም። ልብሱን የሚሰፋው ድርጅት ደግሞ ከአሥራ ሁለት በታች አይሰፋም፤ ክፍያውንም ከሰኞ አያሳልፍም። የማዘዣው ወረቀት በቬልዳ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ነው። አሥራ አንድ ስም ተጽፎበታል፤ አሥራ ሁለተኛዋ ልጅ በነሐሴ ከወላጆቿ ጋር ወደ ሊንከን ከተማ ስለሄደች መስመሯ ባዶ ነው። እሱም ሌላ ጭንቀት ነበር።

እንግዲህ በአሜሪካዋ ነብራስካ ገጠር ገንዘብ ሲቸግር ላም ትጠራለች። ሜዳው በኖራ ሦስት መቶ ባለ ቁጥር ቦታ ተከፈለ፤ አንዱ ቦታ በሃያ ዶላር ተሸጠ። ላሟ እበቷን የጣለችበት ቦታ ባለቤት የገንዘቡን እኩሌታ ይወስዳል፤ የቀረው ለዩኒፎርሙ ልክ ይበቃል። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ቬልዳ ግን ሰው ያማኛል ብላ ፈርታ፣ ማንም ሳይጠይቃት ከትኬቱ ግርጌ እንዲህ ብላ አሳተመች፦ «ላሟን መንካትና መንዳት ክልክል ነው። እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ምንም ካልጣለች የሁሉም ሰው ገንዘብ ይመለሳል።»

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ፐርል የተባለችው የገበሬው የኦበርግ ላም ወደ ሜዳው ገባች። ሕዝቡ በአጥሩ ዙሪያ ወንበሩን ዘርግቶ አጨበጨበላት። ሰባት ሰዓት ሆነ፤ ፐርል ሣር ጋጠች። ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ዝንብ አባረረች።

«ቬልዳ! የሐሙሱን ቺሊሽን አቅምሻት እንጂ!» ብሎ አንዱ ጮኸ። «በአምስት ደቂቃ ይለቃታል!»

ሕዝቡ ሳቀ፤ ቬልዳም ለይሉኝታ ሳቀች። እጇ ግን ኪሷ ውስጥ ያለውን ወረቀት ሊቀደው ደርሷል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፐርል ጉልበቷን አጠፈችና ተኛች። ዓይኗን ከድና ታመሰኳ ጀመር። ላም አለኝ በሰማይ ይባላል፤ የቬልዳ ላም ግን ፊት ለፊቷ ተኝታ ነው ተስፋ ያስቆረጠቻት። ሰዎች ወንበራቸውን ማጠፍ ጀመሩ። ቁማር ኃጢአት ነው ብለው ሰብከው፣ «በስጦታ መልክ» አንድ ቦታ የገዙት ፓስተር ኒክዊስት እንኳ ሰዓታቸውን ያዩ ነበር።

የላሟ ባለቤት ኦበርግ ባርኔጣውን አውልቆ መጣ። ከቬልዳ ጋር አንድ ክፍል ተምረው ያደጉ ናቸው።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትጮኺብኝ።»

«ምን ሆነ?»

«ጨርሳዋለች።»

«ምኑን?»

«ያለውን ሁሉ ነዋ! እዚያ ባመጣኋት ተጎታች ውስጥ፣ መንገድ ላይ። ሰው ፊት ልትቆም አይደል ብዬ፣ ለከብት ውድድር እንደምወስዳት አጠብኳት፣ ቦረሽኳት፣ አጃም እስክትጠግብ አበላኋት። ሳወርዳት ተጎታቹ በእበት ተጥለቅልቆ አገኘሁት።»

«ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ይህን እያወቅክ ዝም አልከኝ?»

«ትጨነቂያለሽ ብዬ ነዋ!»

የፈሩት ይደርሳል፤ ይኸው ደረሰ። ቬልዳ ዐይኗን ወደ ልጆቹ ስትመልስ አሥራ አንዱም የቤት ቲሸርታቸውን ለብሰው፣ ከፌስታል ቆርጠው የሠሩትን በእጅ የሚወዛወዝ ፖምፖም ይዘው፣ አጥሩ ሥር ተደርድረው ያዩዋታል። ያን አስተያየት ታውቀዋለች። በአሥራ አራት ዓመቷ የትምህርት ቤቱ የጭፈራ ቡድን መርጧት ነበር። በረዶ የአባቷን በቆሎ የደመሰሰበት ዓመት ስለነበር የዩኒፎርሙን ዋጋ በሆዷ ያዘችው፤ ለአባቷም አልነገረችም። ለአስተማሪዋ «አልፈለግኩትም» አለች። ከዚያም አራት ዓመት ሙሉ ከወንበር ላይ ሆና አጨበጨበች። ይህን ለሟች ባሏ እንኳ ነግራው አታውቅም።

«እዚህም ሣር ግጣለች፤ ላም ከተኛችበት ስትነሳ እበት እንደምትጥል አንቺም ታውቂያለሽ» አለ ኦበርግ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማስነሳት ብቻ ነው።»

«መንካት ክልክል ነው።»

«ማን ከለከለ?»

«እኔ!»

የልጆቹ አለቃ፣ ጥርሰ ፍንጭቷ ትሬሳ፣ የቬልዳን እጅጌ ጎተተች። «ሚስ ቬልዳ፣ እኛ ብንጨፍርላትስ?»

«አይሆንም! ላሟ ደንግጣ አጥሩን ብትጥስስ? ፒራሚዱ ቢፈርስስ? ያ ሁሉ ሰው ቢስቅባችሁስ?»

«እስካሁንም እየሳቁብን እኮ ነው» አለች ትሬሳ።

ይህ ቬልዳን ወጋት። ለአሥር ሰዓት አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ሄዳ ድምፅ ማጉያውን አነሳች።

«ልጆቹ... ልጆቹ መጨፈር ይፈልጋሉ። ላሟን መንዳት ነው የሚል ካለ አሁን ይናገር።»

ከወደ ኋላ አንድ ሽማግሌ «የደጋፊ ሥራው የተኛ መቀስቀስ አይደል እንዴ? ልቀቂያቸው!» አለ።

ልጆቹ ተሰለፉ። የመጀመሪያው ድምፅ ቀጭን ነበር።

«ማን ነው የሚነሳ? እኛ! ማን ነው የሚያሸንፍ? እኛ!»

ፐርል አንድ ጆሮዋን ብቻ አዞረች። ልጆቹ ደገሙት። ሦስተኛው ላይ «እኛ!» የሚለውን ሕዝቡ ተቀበለ፤ የታጠፈው ወንበር ሁሉ ተመልሶ ተዘረጋ። ትሬሳ በሁለቱ ጓደኞቿ ትከሻ ላይ ወጣች። ወደ ግራ አዘነበለች፣ ቬልዳ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጥ ልጅቷ እዚያው ላይ ቆማ እጇን ዘርግታለች።

ፐርልም መጀመሪያ በኋላ እግሯ፣ ቀጥሎ በፊት እግሯ ተነሳች። ወገቧን ዘርግታ ተንጠራራች። ጅራቷ ከፍ አለ፤ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይም የሚበቃውን ያህል ጣለች። ለአሥር ሰዓት አራት ደቂቃ ይቀራል።

ኦበርግ ዝርዝሩን በጣቱ ተከትሎ የቦታውን ገዢ ስም ጮኾ ሲያነብ ሜዳው በሳቅ ፈረሰ።

«ቁማር ኃጢአት ነው አላሉም ነበር፣ ፓስተር?» አለ አንዱ ከአጥሩ ዳር።

ፓስተር ኒክዊስት እስከ ጆሯቸው ቀሉ። «የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ያፈሳል» ብለው ድርሻቸውን ተቀበሉ።

ቬልዳ ተጎታቹ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። የተጨማደደውን ወረቀት ከኪሷ አወጣች። ትሬሳ በትከሻዋ በኩል አጮልቃ አየች።

«ሚስ ቬልዳ፣ አሥራ ሁለተኛዋስ? አሥራ ሁለት ካልሞላን አይሰፉልንም እኮ።»

ቬልዳ እስክሪብቶ ተቀበለቻት። ባዶው መስመር ላይ የራሷን ስም ጻፈች፤ ከጎኑም ትልቁን ልክ።

ልጅቷ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። «ሚስ ቬልዳ! ጉርዱ እኮ አጭር ነው!»

«አውቃለሁ» አለች ቬልዳ። «አርባ አራት ዓመት ሳየው የኖርኩት ነው።»