ስም የሌለው ሙሾ

ከሩቅ ለሚሰማው የባቄላ ነዶ በዱላ የሚወቃ ይመስላል። ድው፣ ድው ይላል፤ ጥቂት ያርፍና ደግሞ ድው፣ ድው። መምህር ሆኜ አምባ ጊዮርጊስ በተመደብኩበት ዓመት፣ በኅዳር ወር፣ ጭጋጉ ከሜዳው ላይ ገና ሳይነሣ ያንን ድምፅ ሰማሁና «እንዴት ያለ ትጉህ ገበሬ ነው፣ በዚህ ውርጭ የሚወቃ?» ብዬ አከራዬን ጠየቅኋት።

«የምን ውቂያ አመጣህ፣ መምህር!» አለችኝ። «ሴቶች ደረታቸውን ሲደቁ ነው። ለቅሶ አለ።»

አብሬያት ሄድኩ። በሴቶቹ መካከል ቆማ ሙሾ የምታወርደው ሽታዬ የምትባል ቀጭን ሴት ነበረች። ሥራዋ የሟቹን ነገር በግጥም እያነሣች ለቀስተኛውን ማስለቀስ ነው። ሽታዬ ሁልጊዜ የምትጀምረው በጥያቄ ነበር። ከመቆሟ በፊት ወደ ሟቹ ዘመዶች ጠጋ ትልና «ምን ይወድ ነበር? እናቱ ማን ብላ ነበር የምትጠራው? ሲስቅ እንዴት ነበር?» ትላለች። የነገሯትን በልቧ ይዛ ትነሣለች። ግጥሙ ከዚያ በኋላ ከየት እንደሚመጣላት ራሷም አታውቀውም ነበር።

ልጇ የትነበርሽ ከዓመታት በኋላ በስድስተኛ ክፍል ተማሪዬ ሆነች። አንድ ቀን ተነሥተሽ አንብቢ ብላት፣ ስለ ንብ እርባታ የሚናገረውን ምንባብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእናቷ የሙሾ ዜማ አነበበችው። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ለንቦቹ አዝኜ ነበር።

የትነበርሽ ዐሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ሦስት ዓመት ያህል የእናቷን ነጠላ ተሸክማ ከለቅሶ ለቅሶ ስትከተል ቆየች። ከዚያ ጎንደር ገብታ በአንድ ሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ተቀጠረች። ቀን ቀን የበሽተኛ አንሶላ ታጥባለች። ከሥራ ስትወጣ ከእግር እስከ ራሷ ጥቁር ትለብሳለች። «ነጭ ማየት ሰለቸኝ» ትል ነበር።

አንድ ቀን የስልኳ ድምፅ ማውጫ ተበላሸባትና አራዳ ገበያ ዳር ኪሩ ለሚባል ስልክ ጠጋኝ ሰጠችው። የስልክ ጠጋኝ ሁሉ ጠባዩ አንድ ነው፤ ድምፅ ማውጫውን ልሞክር ይልና ከስልኩ ውስጥ መጀመሪያ ያገኘውን ይከፍታል። ኪሩ የከፈተው የትነበርሽ ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ለቅሶ ላይ የቀዳችውን የእናቷን ሙሾ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አላት፣ ስትመለስ።

«ስልኬን እንድትሠራ ነው የሰጠሁህ፣ ጆሮህን እንድትቀስር አይደለም።»

«ተይ እንጂ፣ ለሙከራ ነው። ይሄ ድው ድው የሚለው ምን ዓይነት ከበሮ ነው?»

«ከበሮ አይደለም። የሰው ደረት ነው።»

ኪሩ ያን ዕለት ሌላ ስልክ አልጠገነም።

ሁለቱ ሙዚቃ የሚሠሩበት ቤት ፈልገው ወደ እኔ መጡ። ጡረታ ወጥቼ፣ እዚያው ጎንደር ልደታ አጠገብ በምትገኝ ቤቴ ብቻዬን እኖር ነበርና ከጓሮ ያለችውን ክፍል ሰጠኋቸው። ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን ለበዱት። ካርቶኑ ሲያልቅ የእኔን አሮጌ ብርድ ልብሶች ሰቀሉ። ኪሩ የደረቱን ምት በኮምፒውተር አዘግይቶ፣ አወፍሮ፣ በላዩ የዝናብ ድምፅና የሩቅ ደወል ይጨምርበታል። የትነበርሽ ደግሞ እንቅልፍ ሊወስደው እንዳለ ሰው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቃሉን በቃል ላይ እየደረበች ትናገርበታለች። ከምሳ በኋላ ጋደም ስል ምቱ በግድግዳው ውስጥ ይመጣል። በሕልሜና በውኔ መካከል ቤቱ ራሱ የሚተነፍስ፣ የአምባ ጊዮርጊስም ጭጋግ በበሩ ስር ሾልኮ የሚገባ ይመስለኝ ነበር።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሰምቷቸው «ይሄ እኮ ጎቲክ ሂፕ ሆፕ ይባላል፤ ሞትና ጨለማ የሚያነሣ፣ በውጭ አገር የታወቀ ነው» አላቸው። ኪሩ ደስ አለው። የትነበርሽ ግን «ጎቲክ ጎቲክ አትበለኝ፤ ለቅሶ ነው። እናቴ ይሄን ስትሠራ ኮምፒውተር አልነበራትም» አለችው። ለራሳቸውም «ከል» የሚል ስም አወጡ፤ ሐዘንተኛ የሚለብሰው ጥቁር ልብስ ማለት ነው።

በጎንደር ከተማ ለሠርግ ተጠርተው የማያውቁ ሙዚቀኞች እነሱ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። አንድ ቡና ቤት ለሁለት ሳምንት አጫውቷቸው ነበር። በሦስተኛው ባለቤቱ «ሸጋ ነው፣ ሸጋ ነው፤ ግን ጠጪዎቼ እያለቀሱ ወደ ቤታቸው ገቡብኝ» ብሎ አሰናበታቸው። ሌላ ጊዜ ከከተማው ወጣ ብለው፣ ጭጋግ በወረደበት መካነ መቃብር ዳር ክሊፕ ሲቀርጹ የደብሩ ጠባቂ አያ ዋኘው ዱላቸውን ይዘው ደረሱባቸው።

«እናንተ! የየትኛው ሟች ዘመዶች ናችሁ?»

«የማንም አይደለንም አያ። ክሊፕ እየሠራን ነው።»

«ታዲያ ምነው ከል ለበሳችሁ? ሰው ሳይሞት ከል የሚለብስ ሞት ጠሪ ነው! ውጡልኝ!»

እስከ አጥሩ ድረስ አሯሯጧቸው። ኪሩ ይህን ሲያወራልኝ እየሳቀ ነው። የትነበርሽ ግን «እውነታቸውን ነው እኮ» አለች፣ ጫማዋ ላይ ያለውን ጭቃ እያየች።

በመጨረሻ ያ ስልክ ውስጥ የነበረው ሙሾ ዘፈን ሆነ። ሙሾው የአዳሙ ነበር። አዳሙ የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ ነው፤ ሰሊጥ ሊያጭድ ከጓደኞቹ ጋር ሳንጃ ወርዶ ወባ ገደለው፤ እዚያው ተቀበረ። እናቱ መንበረ ልብሱን መደብ ላይ ዘርግታ አለቀሰችለት። ሽታዬም በእናትየዋ አፍ ሆና እንዲህ ብላ ነበር፦

ጓደኞቹ ገቡ አጭደው ከሳንጃ፤
አዳሙን ብጠይቅ ሁሉም አሉኝ እንጃ።

ኪሩና የትነበርሽ የሟችን ስም በየባጃጁ ማስጮህ ነውር መሰላቸው። ስለዚህ ኪሩ አዳሙ የሚለውን ቃል ከየቦታው ቆርጦ አወጣና ቦታውን ባዶ ተወው። ስሙ የነበረበት ላይ ሲደርስ ድምፁ ሁሉ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ «ብጠይቅ ሁሉም አሉኝ እንጃ» ይላል። ሰው የወደደው ያንን ጸጥታ ነበር። እነዚያ ዓመታት ብዙ ሰው የሚወደውን ያጣባቸው ዓመታት ናቸው። እያንዳንዱ ሰሚ በባዶው ቦታ የራሱን ሰው ስም ያስገባበት ነበር። የባጃጅ ነጂ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ በዓይኔ አይቻለሁ።

ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር ዘፈኑ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ከባጃጅ ወደ ሚኒባስ፣ ከሚኒባስ ወደ ሻይ ቤት እየተሻገረ ደባርቅን አልፎ አዲ አርቃይ ወረደ ይሉ ነበር። የከተማው አዳራሽ ለቅዳሜ ዝግጅት ጠራቸው። የከል ስም በፖስተር ላይ ተጽፎ ግንብ ላይ ሲለጠፍ ያ የመጀመሪያው ነበር።

በዚያው ሳምንት መንበረ ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር በሚኒባስ ስትመጣ ዘፈኑ ተከፈተ። ገና ግጥሙ ሳይጀምር፣ በምቱ ብቻ፣ የራሷን ደረት አወቀችው። ባዶው ቦታ ላይ ሲደርስ «ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች። ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ወርዳ በእግሯ ወደ ኋላ ተመለሰችና ሽታዬ ቤት ገባች። ሽታዬ ምንም አታውቅም ነበር። ወዲያው ለልጇ ደወለች። የትነበርሽ ስልኩን ግቢዬ ውስጥ ነው ያነሣችው፤ የእናትየዋ ድምፅ እኔም ዘንድ ይደርስ ነበር።

«የትነበርሽ፣ የሰው ሙሾ ሸጥሽ?»

«አልሸጥኩም እማ። በነፃ ነው ያደልነው።»

«ይባስ ብሎ በነፃ!»

«ስሙን እኮ አውጥተነዋል እማ። ማን ያውቃል ብለን…»

ሽታዬ ወደ መንበረ ዞራ ስትነጋገር ተሰማ። ከዚያ «ሐሙስ መንበረ እናንተ ዘንድ ትመጣለች። ያለችሽን ትሰሚያለሽ» ብላ ዘጋችው።

የትነበርሽ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ኪሩ ፊቷ ቆመ።

«አይሆንም ካለች ቅዳሜም የለም፣ ዘፈኑም የለም» አለችው።

«ከየባጃጁ ላይ ማን ይለቅመዋል?»

«እሱን አላውቅም። ከኔ አፍ ግን አይወጣም።»

«ያለ እሱ እኮ ከል የለም።»

«አውቃለሁ» አለች። ወደ ሥራዋ ስትሄድም ጥቁሩን ነጠላዋን ረስታ ሄደች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር። መንበረ ዣንጥላዋን እያራገፈች ገባች። ከአዳሙ ለቅሶ ቀን ወዲህ አይቻት አላውቅም፤ ፀጉሯ ሸብቷል፤ ከሏ ታጥቦ ታጥቦ ግራጫ ሆኗል።

«አያ መምህር፣ በሕይወት አለህ?»

«አለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሻይ…»

«ለሻይ አልመጣሁም። የት ነው ያለው?»

ወደ ጓሮዋ ክፍል ወሰድኳት። የእንቁላል ካርቶኑን ዙሪያውን አየችና «ዶሮዎቹስ?» አለች። ማንም አልሳቀም። ኪሩ የጆሮ ማዳመጫ ሲያቀብላት በእጇ ገፋችው።

«ጆሮዬን አትሸፍንብኝ። ጮክ አድርገህ ክፈተው።»

ከፈተው። ምቱ ክፍሉን ሞላው። መንበረ ዓይኗን ጨፍና ቆመች። ከምቱ መካከል አንዲት ሴት ስትቃትት በጣቷ ወደ ድምፁ አመለከተች። «ይቺ እኔ ነኝ። ስድስት ወር ደረቴን ታምሜ ተኝቻለሁ።» ባዶው ቦታ ላይ ሲደርስ እጇን አነሣች፤ ኪሩ አቆመው።

«እዚህ ላይ ማን ነበር?»

«እንዳይታወቅብዎት ብለን ነው፣ እማማ» አለ ኪሩ። «ለክብር ብለን…»

«ምኑ እንዳይታወቅ? ልጄ ሌባ ነበር? ሬሳውን አላገኘሁም። ያለቀስኩት በልብሱ ላይ ነው። ልብሱንም ለነዳያን ሰጠሁት። የቀረኝ ስሙ ነበር፤ እሱንም እናንተ ቆርጣችሁ ጣላችሁት።» ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ ብትሆን አስተምረኸው የለም? በየጠዋቱ አዳሙ እያልክ ትጠራው አልነበር?»

ዘፈኑን በግድግዳው ውስጥ ስንት ከሰዓት ሰምቼው ተኝቻለሁ።

የትነበርሽ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። «እትየ መንበረ፣ አይሆንም ካሉ አልዘፍነውም። የቅዳሜውን ሰው ሁሉ እመልሳለሁ።»

«ለምንድን ነው ሰው እንዲህ የሚወደው?»

የትነበርሽ ልትዋሽ ትችል ነበር። «ባዶውን ነው የሚወዱት» አለች። «እዚያ ላይ ሲደርስ እያንዳንዱ የሞተበትን ሰው ስም ይጠራበታል።»

«በልጄ ቦታ?»

«በአዳሙ ቦታ፣ አዎ።»

ዝናቡ ጠንከር አለ፤ ጭጋግ ከኮረብታው ወርዶ መስኮቱን ሸፈነው፤ አምፖሉም ደበዘዘ።

«ቦታው ለሟቾቻቸው ከበቃ ይተኙበት» አለች መንበረ በመጨረሻ። «ባለቤቱ ግን ቀድሞ ይግባ። ያን ድምፅ የሚይዘውን ነገር አምጣው።»

ኪሩ ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አወረደላት።

«ሙሾ ይላሉ?» አለቻት የትነበርሽ በሹክሹክታ።

«ሙሾዬን ጨርሻለሁ።»

ነጠላዋን ከአፏ ላይ ገለጥ አደረገች። ድምፅዋ የለቅሶ አልነበረም። ከገደል ወዲህ ቆማ ከገደል ወዲያ ያለ ሰው እንደምትጣራ እናት፣ ረጅምና ቀና አድርጋ ጣለችው፦

«አዳሙ ሆ…ይ! አንተ አዳሙ! ጭጋጉ መጣ፣ ግባ!»

ከዚያ ራሷን ዘንበል አድርጋ ጠበቀች። ድምፅ ሸለቆውን ተሻግሮ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀውን ያህል ጠበቀች። ኪሩ መቅጃውን ለማጥፋት የዘረጋው እጅ አየር ላይ ቀረ። የቆርቆሮው ዝናብ ብቻ ይሰማ ነበር።

መንበረ ነጠላዋን አጣፋች። ዣንጥላዋን ከጥጉ አነሣች፣ በሩን ከፈተችና ማናችንንም ሳታይ፣ ደህና ዋሉ ሳትል ወጣች።