ስሙ ያልተጠራው ምንጣፍ

ኪኑኤ የምትባል ሴት ቶያማ ከተማ ባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ሰው ስትኳኩል ዕድሜዋ ሄዷል። ዜና አንባቢው ሺራካዋ ፊቱን ከእሷ ሌላ ለማንም አይሰጥም። ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ሕፃን ይቀመጣል፣ ፓውደሩን ታሻሸዋለች፣ ከዚያ ወጥቶ ለሕዝብ ዜና ያነባል።

አንድ የበረዶ ወቅት የታላቅ ወንድሟ የቶኩጂ ቤት ተቃጠለ። ሚስቱ ከውስጥ አልወጣችም። እሳቱ የተነሳው በኤሌክትሪክ ከሚሞቀው ምንጣፋቸው ነው፤ የእሳት አደጋ ሰዎቹም ይህንኑ ነግረውታል። ታዲያ ሺራካዋ በኪኑኤ እጅ ተኳኩሎ ወጣና ምን ቢል ጥሩ ነው? «እሳቱ ከአንድ ማሞቂያ ሳይነሳ አይቀርም።» አንድ ማሞቂያ! ማን የሠራው? ዝም። ወዲያው ማስታወቂያ ገባ፤ ያው ምንጣፍ፣ ድመት ተንጋላበት። የዜናው ስፖንሰር ምንጣፉን የሠራው ኩባንያ ነዋ!

ሠፈሩ ደግሞ ቶኩጂን በሲጋራው ነው የሚያውቀው። «ጠጥቶ፣ ሲጋራውን ሳያጠፋ ተኝቶ ነው» ተባለ። በአገሩ ልማድ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ጎረቤት አስደንግጧልና ይቅርታ መጠየቅ አይቀርለትም። ቶኩጂ የሚስቱ ቀብር እንዳለቀ ለይቅርታ የሚሰጥ ፎጣ ተሸክሞ በየበሩ እያንኳኳ ጎንበስ አለ። ፎጣውን ተቀበሉት። አንዷማ «እንግዲህ ሲጋራውን ተወው» አለችው። እዚያው ሠፈር አንድ ክፍል ተከራይቶ ገባና በሩን ዘጋ።

«ኪኑኤ» አላት በስልክ፣ «አንድ ጊዜ የምንጣፉን ስም ይጥሩልኝ። ጎረቤቶቼ እኔ እንዳልሆንኩ ይወቁልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

በማግስቱ የሺራካዋን ግንባር እየቀባች ጠየቀችው። «የኩባንያውን ስም ለምንድን ነው የማትጠሩት?»

ዓይኑን አልገለጠም። «እትዬ ኪኑኤ፣ ሌሎቹ ጣቢያዎች ሲያወጡት እኛም እናወጣዋለን።»

«እነሱስ?»

«እነሱማ እኛን ነው የሚጠብቁት።»

ሲቀልድ እንዳይመስላችሁ! እኔ ብሆን ፓውደሩን ከነቆርቆሮው አናቱ ላይ እደፋው ነበር። ኪኑኤ መናደድ እንዳለባት ታውቃለች፤ ንዴቱ ግን አልመጣላትም። እጇ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ሥራውን ቀጠለ። አንገቱን ቀብታ ጨረሰችና «ይውጡ» አለችው።

ዓመታት አለፉ። ሌሎች ቤቶችም ተቃጠሉ፤ እነሱም በ«አንድ ማሞቂያ»። በኋላ አንድ የውጭ አገር ጣቢያ ነገሩን ከነስሙ ዘረገፈው። በነጋታው የእኛዎቹ ጣቢያዎች ሁሉ አፍ አወጡ። ለካ ፊልሙም ምስክሩም በየመሳቢያቸው ተኝቶ ኖሯል! የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅም በቀጥታ ሥርጭት ይቅርታ ሊጠይቅ ወደ ጣቢያው መጣ።

«እትዬ» አላት የስቱዲዮው አዘጋጅ፣ «ጎንበስ ሲል መላጣው በመብራቱ ያብረቀርቃል። አናቱንም ይቀቡለት።»

ሰውዬው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «አስቸገርኩዎት» አላት በትሕትና። የወንድሟን ስም ልትነግረው ፈለገች፤ እጇ ግን ቀድሞ ፓውደሩን አነሳ። አናቱን ደህና አድርጋ ቀባችው። እጇ ሌላ አያውቅም።

ሥርጭቱ ሲያልቅ ለወንድሟ ደወለች።

«ጋሼ፣ አየኸው?»

«አየሁት።»

«ስሙን ጠሩት እኮ።»

«ሰማሁ።»

«ጎረቤቶቹስ ምን አሉ?»

«የትኞቹ ጎረቤቶች? ገሚሱ ሞቷል፣ ገሚሱን ልጆቹ ወስደውታል። ሲጋራውን ተወው ያለችኝ ብቻ አለች፤ እሷም ሰው አትለይም።»

የእሱ ቴሌቪዥን በስልኩ ውስጥ ይሰማታል፤ አሁንም ስሙን እየጠሩ ነው።

«ኪኑኤ» አላት፣ «ሰውዬው ሲያጎነብስ መላጣው ትንሽ እንኳን አላብረቀረቀም። የማን እጅ ነው?»

«የእኔ።»

«ድሮም እጅሽ ጥሩ ነው» አላትና ስልኩን ዘጋው።